«ሲቆም ደህና ነበር»፦ የነከሰ የዶዘር ፓምፓ ስንፈታ ልናስወግዳቸው የሚገቡ ስህተቶች

ዶዘሩ ከካምፑ ጀርባ ሁለት ክረምት ቆሟል። የጭስ ማውጫው አፍ ላይ ቆርቆሮ እንኳ አልተደፋበትም። አሁን ሥራ ተገኘና ባለቤቱ ይደውላል፤ «ባትሪ ይዛችሁ ኑ፣ ሲቆም ደህና ነበር።» ይህችን ቃል በሰማሁ ቁጥር ሐሳቤ ባትሪው ጋ ሳይሆን ናፍጣውን ወደ ሞተሩ የሚገፋው ፓምፓ ጋ ይሄዳል። ናፍጣው ውስጥ የገባ ውሃ ብረቱን ያዝገዋል፤ ያረጀው ናፍጣ ደግሞ እንደ ሙጫ ይለጥፋል። ነከሰ የምንለው እንዲህ ተጣብቆ አልንቀሳቀስ ሲል ነው።

የማውቀውን የድሮውን ካተርፒላር ዲ8ኤች ምሳሌ ላድርግ። ስድስት ሲሊንደር አለው፤ ለእያንዳንዱ ሲሊንደር ደግሞ አንድ አንድ ትንሽ ፓምፕ። ስድስቱንም ባንዴ እያዞረ የሚሰጡትን ናፍጣ የሚጨምረውና የሚቀንሰው ሬክ የምንለው ባለጥርስ ዘንግ ነው። ስለዚህ አንዱ ፕለንጀር (በፓምፑ ቤት ውስጥ እየተመላለሰ ናፍጣውን የሚገፋው ቀጭን ብረት) ከነከሰ ሌሎቹም አብረው ይታሰራሉ።

«እስቲ አንዴ እንሞክረው»

ከሁሉም የከፋው ይሄ ነው። ሬኩ መዝጊያው ላይ ተጣብቆ ከሆነ ሞተሩ አይነሳም፤ ተመስገን ነው። ነዳጅ በሙሉ እንደከፈተ ተጣብቆ ከሆነ ግን ይነሳል፣ ከዚያ ማን ያቁመው? የሞተሩን ፍጥነት የሚቆጣጠረው ጋቨርነር ሊመልሰው ቢሞክር ሬኩ እሺ አይልም። የታንከሩን መዝጊያ ብትዘጉም ፊልትሮውና ቱቦው ውስጥ የቀረው ናፍጣ ሞተሩን ለመበተን ይበቃል።

ተለማማጅ ሳለሁ አንድ ጋራዥ ውስጥ ይህን በዓይኔ አይቻለሁ። ሞተሩ አበደ። ጩኸቱ እየቀጠነ ሄደ፣ ጥቁር ጭስ ግቢውን ሞላው፣ ግማሾቻችን አጥር ዘለልን። የአየር ማጣሪያው ለጽዳት ተነስቶ ስለነበር ያዳነን እሱ ነው። አንድ አናጺ ሰንሰለቱ ላይ ወጣና በእጁ የያዘውን የፎርምወርክ ጣውላ አየር መሳቢያው አፍ ላይ ደፋበት። ታፍኖ ጠፋ። ከዚያ ወዲህ የቆመ ዶዘር ሳስነሳ ለአፉ የሚበቃ ጣውላ አጠገቤ አለ። በእጅ ወይም በጨርቅ ለማፈን ግን እንዳትሞክሩ፤ ይስበዋል።

ሬኩን በጉልበት መጎተት

አልንቀሳቀስ ሲል ፒንሳ የሚያነሳ ሰው ሞልቷል። ጥርሱ ይሰበራል፤ ወይም ሬኩ ይጣመምና ችግሩ እጥፍ ይሆናል። ይልቅ የነከሰውን ለዩ። መጀመሪያ ውጪውን በደንብ እጠቡ፤ አንድ የአሸዋ ቅንጣት ወደ ውስጥ ከገባ ልፋቱ ገደል ገባ። ከዚያ ፓምፖቹን አንድ በአንድ አውጡ። አንዱን ባወጣችሁ ቁጥር ሬኩን በጣት ሞክሩት። ለቀቅ ያለ ጊዜ መጨረሻ የወጣው ነው ጥፋተኛው። አብዛኛውን ጊዜ የነከሱት አንድ ወይም ሁለት ናቸው፤ ስድስቱን የሚያስፈታ ነገር የለም። የተከፈተውን ቀዳዳ ሁሉ በንጹሕ ፌስታል እሰሩት።

መዶሻና የብርጭቆ ወረቀት

እዚህ ላይ ትዕግሥት ያልቃል። ፕለንጀሩ በቤቱ ውስጥ የሚንቀሳቀስበት ክፍተት 2 ወይም 3 ማይክሮን ያህል ነው። የሰው ፀጉር ውፍረት 70 ማይክሮን አካባቢ መሆኑን አስቡ። በብርጭቆ ወረቀት ሁለቴ ካሻችሁት ይለቃል፣ አዎ። ግን ናፍጣው ሲሞቅና ሲቀጥን በጎን ያመልጣል። ጠዋት የተነሳው ዶዘር ከሰዓት አጥፍታችሁት ልታስነሱት ስትሉ አሻፈረኝ ይላል።

እኔ የቲማቲም ቆርቆሮ አዘጋጃለሁ፤ ለእያንዳንዱ ፓምፕ አንድ፣ በላዩ ላይ ቁጥር ተጽፎ። ግማሽ የአውቶማቲክ ካምቢዮ ዘይት፣ ግማሽ አሴቶን። አሴቶን እሳት ሲያይ ይዘላልና ሲጋራ የሚያጨስ ሰው አጠገቡ አይድረስ። ሦስት ቀን ይዘፈዘፍ። ካልለቀቀ ሳምንት ይቆይ፤ ባለቤቱ በቀን ሦስቴ ቢደውልም። ከዚያ በእንጨት ቀስ አድርጎ መምታት፦ ትንሽ ወደፊት፣ ትንሽ ወደኋላ። ወደ አንድ ወገን ብቻ ከገፋችሁት ዝገቱ ይጠራቀምና መልሶ ይቆልፈዋል።

ሲወጣ በንጹሕ ናፍጣ ታጥቦ ይፈተናል። ፕለንጀሩን ሲሶውን ያህል ሳብ አድርጋችሁ ቤቱን ዘንበል አድርጉት። በራሱ ክብደት፣ ሳይደናቀፍ፣ ቀስ እያለ መውረድ አለበት። የተወለወለውን ገጽ በደረቅ ጣት አትንኩ፤ ላባችሁ ያዝገዋል። ጭረት ወይም የዝገት ጉድጓድ ካለው ደግሞ ምንም ብታደርጉ አይድንም፣ አዲስ መግዛት ነው።

በብየዳ እሳት ማሞቅን በአጭሩ፦ አይሆንም። የጠነከረው ብረት ጥንካሬውን ያጣል፣ ቅርጹም ይጠማዘዛል።

ጥንዱን ማቀያየርም እንደዚያው። የአንዱ ፕለንጀር ለሌላው ቤት አይሆንም፤ አብረው ተሞርደው የተሠሩ ናቸው። ቆርቆሮው ላይ ቁጥር የምጽፈው ለዚህ ነው።

አንድ ጥርስ መዝለል

ፓምፑ ሲመለስ ጥርሱ ከሬኩ ጥርስ ጋር በምልክቱ ልክ መግጠም አለበት፤ ሬኩም መሐል ቦታው ላይ መሆን አለበት። አንድ ጥርስ ከተሳሳተ ያ ሲሊንደር ከሌሎቹ የበለጠ ወይም ያነሰ ናፍጣ ያገኛል። ሲያንስ ሞተሩ ያነክሳል። ሲበዛ ሬኩ ተዘግቶም ያ ሲሊንደር መተኮሱን ሊቀጥል ይችላል፤ ያኔ ወደ ጣውላው ተመልሰናል ማለት ነው። ስለዚህ ከማስነሳታችሁ በፊት ማቆሚያውን እየሳባችሁ ሬኩ በደንብ መዝጋቱን በዓይናችሁ እዩ።

እጅን ኖዝል ፊት መዘርጋት

ናፍጣውን ሲሊንደሩ ውስጥ የሚረጨውን ኖዝል «ይረጫል አይረጭም» ብሎ መዳፍ የሚዘረጋ አለ። በዚያ ግፊት የሚወጣ ናፍጣ ቆዳ በስቶ ይገባል። መጀመሪያ የመርፌ ጫፍ የምታህል ነጥብ ብቻ ናት፤ ላያምም ይችላል። ከሰዓታት በኋላ ግን እጅ ያብጣል፣ ጣት እስከ መቆረጥ ይደርሳል። ከደረሰባችሁ እስኪያብጥ አትጠብቁ፤ ያን ሰዓት ሆስፒታል ሂዱና ናፍጣ መሆኑን ንገሯቸው።

ንጹሕ ፓምፓ፣ ቆሻሻ ናፍጣ

ሳምንት ሙሉ የዘፈዘፋችሁትን ፓምፕ በዚያው በድሮው ናፍጣ ካስነሳችሁት ለሚቀጥለው ክረምት ቀጠሮ ያዛችሁ ማለት ነው። ታንከሩ ከሥሩ ይራገፍ፣ ፊልትሮዎቹ ይቀየሩ። በበርሚል የመጣ ናፍጣ ሳይናወጥ ይደር፤ ሲቀዳም የቱቦው ጫፍ ከበርሚሉ ወለል አራት ጣት ከፍ ይበል። ዶዘሩ የሚቆም ከሆነ ታንከሩን ሞልቶ ማቆም ነው፤ ባዶው ቦታ ሌሊት ሌሊት ውሃ ያልበዋል።

የዚያን ሁለት ክረምት የቆመውን ዶዘር ታንከር ስናራግፍ የመጀመሪያውን በሃይላንድ ተቀብዬ ፀሐይ ላይ አቆምኩት። ከሥሩ ሦስት ጣት ውሃ ተቀመጠ። ለባለቤቱ አሳየሁት። አየው፣ ነቅነቅ አደረገው፣ መልሶ አየው።

«ሲቆም ግን ደህና ነበር» አለኝ።