ባለቀለም ጥንታዊ የፖርሴሊን ምስል አያያዝና አጸዳድ

በበጋ ወራት ከመኪና መንገዱና ከግንባታ ቦታዎች የሚነሣው የአዲስ አበባ አቧራ መስኮት በመዝጋት ብቻ አይመለስም፤ ከአራት ኪሎ እስከ ስድስት ኪሎ ባለው አካባቢ የሙዚየም ዕቃ የጠበቀ ሰው እንደሚያውቀው፣ በመስታወት ሣጥን ውስጥ የቆመ ምስል እንኳ ውሎ አድሮ የልብሱ እጥፋት በትቢያ ይሞላል። ይህን ያየ ጀማሪ ሠራተኛ ወዲያው ውሃና ሳሙና ያምረዋል፤ ሆኖም ባለቀለም ፖርሴሊንን (ሲኒ የሚሠራበትን ነጭ ሸክላ) ከአቧራ ይልቅ የሚጎዳው ችኩል እጅ ነው።

ምክንያቱ ከአሠራሩ ይጀምራል። የቡና ሲኒያችን ስሙን ያገኘው «የቻይና» ከሚል የዐረብኛ ቃል ነው፤ ጥበቡም የቻይናውያን ነበርና በአውሮፓ የመጀመሪያው የጠንካራ ፖርሴሊን ፋብሪካ በጀርመን አገር በማይሰን ከተማ የተቋቋመው ዘግይቶ በ1710 እ.ኤ.አ. ነው። የዚህ ዓይነት ምስል ራሱ፣ ክንዱና አካሉ በየራሳቸው የጂፕሰም ቅርጽ ማውጫ ከወጡ በኋላ በቀጭን ጭቃ ተጣብቀው በ1,400 ዲግሪ ሴንቲግሬድ ገደማ ይተኮሳሉ። ቀለሙና ወርቁ ግን አብዛኛውን ጊዜ ከብርጭቆ መሰሉ ልባስ በላይ ተቀብተው እጅግ ዝቅ ባለ ሙቀት ዳግም ስለሚተኮሱ፣ ገላው ጠንካራ ሆኖ ሳለ ጌጡ በቀላሉ ይፋቃል፤ አሲድም ይበላዋል።

ስለዚህ ምስሉን ሳያነሡ አስቀድመው በእጅ ባትሪ ከጎን እያበሩ አንገቱን፣ የእጁን አንጓና ጣቶቹን ይመርምሩ። ቢጫ መስመር ወይም ከሌላው የተለየ ድምቀት ያለው ቀለም የአሮጌ ጥገና ምልክት ሊሆን ይችላል። ሐሰተኛ የብር ኖት ለመለየት የሚያገለግለው መብራት እዚህም ይጠቅማል፤ በጨለማ ክፍል ሲበራበት የቆየ ሙጫና በኋላ የተቀባ ቀለም ብዙ ጊዜ ከዋናው ገላ በተለየ ሁኔታ ያበራል። ከሥሩ የሚታየው ትንሽ ቀዳዳ ግን ጉዳት ሳይሆን በመተኮሻው ጊዜ አየር የሚወጣበት ነው። የማይሰን ሁለት የተጠላለፉ ሰይፎች ምልክት ቢያገኙም በርካታ ፋብሪካዎች ስለቀዱት በእሱ ብቻ አይፍረዱ። ያዩትን ሁሉ በፎቶግራፍና በመዝገብ ይያዙ።

ለማንሣት ቀለበትና የእጅ ሰዓት ያውልቁ። የጥጥ ጓንት ስለሚያንሸራትት የናይትራይል (ቀጭን ሰው ሠራሽ ጎማ) ጓንት ወይም ታጥቦ የደረቀ እጅ ይሻላል። አንዱ እጅ ከመቆሚያው ሥር፣ ሌላው አካሉን ደግፎ ይሁን፤ በክንድ፣ በራስ ወይም በአበባ ጌጥ ፈጽሞ አያንሡ። ጠረጴዛው ላይ የታጠፈ ፎጣ ይነጠፍ።

ጽዳቱ በደረቅ፣ ለስላሳ ብሩሽ ከላይ ወደ ታች ይሁን፤ የብሩሹ ብረት ልባሱን እንዳይጭር በፕላስተር ይጠቅልሉት። ጥገናም ሆነ የላላ ቀለም እንደሌለ ካረጋገጡ ብቻ በዲስቲልድ ውሃ በጥቂቱ የረጠበ ጥጥ ወርቅ ቅብ በሌለበት ቦታ ላይ ያንከባሉ እንጂ አያሹ። በረኪና፣ ሎሚና ኮምጣጤ ይራቁ። መዘፍዘፍም ክልክል ነው፤ ምስሉ ውስጡ ባዶ ስለሆነ የገባው ውሃ እዚያው ይቀራል። አንድ ጊዜ እኔ ራሴ ይህን ችላ ብዬ በሳህን ውሃ ውስጥ ያስቀመጥኩት ምስል ክንዱ በእጄ ቀርቷል፤ የድሮው ሙጫ በውሃ የሚሟሟ ነበር።

ቢሰበር ስብርባሪውን አንድ በአንድ በለስላሳ ወረቀት ይጠቅልሉ። ጠርዞቹ እንዳይፋቁ ለመግጠም አይሞክሩ፣ ሱፐር ግሉም አያቅርቡ፤ የቀረው የባለሙያ ሥራ ነው።

በመጨረሻም ከባድ መኪና በሚያልፍበት መንገድ ዳር መደርደሪያ ቀስ በቀስ ስለሚነቃነቅ ምስሉ ሳይታይ ወደ ጠርዝ ሊሄድ ይችላል። ከሥሩ ቀጭን ስፖንጅ ያድርጉ፤ የመቆሚያውንም ዙሪያ በመደርደሪያው ወረቀት ላይ በእርሳስ ምልክት አድርገው በየወሩ ከምልክቱ ወጥቶ እንደሆነ ይመልከቱ።