የወር አበባ ከመምጣቱ በፊት የሚሰማ ሕመምን በቻይና ባህላዊ ሕክምናና በአኗኗር ለውጥ እንዴት ማቅለል ይቻላል?

የወር አበባ ሊመጣ አንድ ወይም ሁለት ሳምንት ሲቀረው የብዙ ሴቶች ጡት ይወጠራል፣ ሆዳቸው ይነፋል፣ ራሳቸውን ያማቸዋል፣ እንቅልፋቸው ይዛባል፣ በትንሽ በትልቁም ሆድ ይብሳቸዋል። ደሙ በታየ በጥቂት ቀናት ውስጥ ይህ ሁሉ ይቀላል። ዘመናዊው ሕክምና ምክንያቱን የሚፈልገው እንቁላል ከወጣ በኋላ ከፍ ብሎ በሚወርደው ፕሮጄስትሮን በሚባለው ሆርሞንና ስሜትን ከሚቆጣጠረው ሴሮቶኒን ዘንድ ነው። የቻይና ባህላዊ ሕክምና ግን «ቺ» የሚለው የሕይወት ኃይል በሰውነት ውስጥ ሳይቋረጥ መፍሰስ እንዳለበት፣ ፍሰቱን የሚያስተካክለው ጉበት እንደሆነ፣ ንዴትና ጭንቀት ሲበዛ ቺ እንደሚታገትና እገታውም በጡት፣ በጎንና በሆድ ላይ ውጥረት ሆኖ እንደሚሰማ ያስተምራል። «አንጀቴ አረረ» እያለ ላደገ የጎጃም ሰው ስሜትን ከሆድ ዕቃ ጋር ማያያዝ እንግዳ ባይሆንም፣ ይህ በላቦራቶሪ የተረጋገጠ ግኝት ሳይሆን ጥንታዊ አስተሳሰብ መሆኑን ይዞ መቀጠል ይገባል።

መጀመሪያ ቀኑን ይለዩ

ሌላው ሁሉ የሚቆመው በዚህ ላይ ነው። ምልክቱ የሚመጣው በእርግጥ ከወር አበባ በፊት መሆኑ ካልታወቀ፣ የደም ማነስን ወይም የእንቅርት ዕጢ መዛባትን በኋላ በምናየው የቻይና ዘዴ ነጥቦችን በጣት በመጫን ለማዳን ሲደከም ጊዜ ይባክናል። ስለዚህ ለሁለት ተከታታይ ዑደቶች በየምሽቱ የዕለቱን ስሜት በደብተር ላይ ይጻፉ፤ «የለም»፣ «ቀላል»፣ «መካከለኛ»፣ «ከባድ» ብሎ መመዝገብ ይበቃል። ወደ ቤተ ክርስቲያን የማይገቡባቸውን ቀናት ለይተው የሚያውቁ እናቶች የበዓላቱን ስም ለምልክትነት ቢጠቀሙ ይቀላቸዋል። አንድ ነገር ግን ልብ ይበሉ፤ ወራችን 30 ቀን ሲሆን የብዙ ሴቶች ዑደት 28 ቀን ገደማ ስለሆነ፣ መስከረም 21 በማርያም ዕለት የጀመረ የወር አበባ በጥቅምት የሚመጣው በ19፣ በገብርኤል ነው። «ሁልጊዜ በማርያም ነው የሚመጣብኝ» ብላ የምትጠብቅ ሴት እንግዲህ በየወሩ ሁለት ሁለት ቀን ትሳሳታለች። ምልክቶቹ ደም ከመታየቱ በፊት ባሉት አምስት ቀናት ጎልተው፣ ከታየ በኋላ ደግሞ በአራት ቀናት ውስጥ ከጠፉ ምዝገባው ግምቱን ያጠናክራል።

ምግቡን፣ ቡናውንና ሸክሙን ያስተካክሉ

ካልሲየም በበቂ መጠን ማግኘት ምልክቶቹን እንደሚያቀልል በጥናት የተደገፈ ሲሆን፣ አንዲት አዋቂ ሴት በቀን 1,000 ሚሊ ግራም ያህል ያስፈልጋታል። በሜጫና በዳንግላ አካባቢ ያሉ አንባቢዎች በዚህ ረገድ ዕድለኞች ናቸው፤ አንዳንዱ ለድሃ ምግብነት ብቻ የሚቆጥረው ዳጉሳ በ100 ግራም ከ300 ሚሊ ግራም በላይ ካልሲየም ይዟል፤ ጤፍ ግን የዚህን ግማሽ ያህል ነው የሚይዘው። የዳጉሳው ሊጥ በደንብ ቦክቶ ሲጋገር ማዕድኑ ለሰውነት ይበልጥ ይመቻል። በጠላ መልክ የሚጠጣው ዳጉሳ ግን እዚህ ሒሳብ ውስጥ አይገባም፤ መጠጥ እንቅልፍንም ስሜትንም ያውካልና በእነዚያ ቀናት ጠላውንና አረቄውን መተው ይሻላል። በጾም ወቅት ወተት ሲቀር ሰሊጥና ጎመን ያግዛሉ።

ቡናን በተመለከተ፣ ጨርሰው ይተዉ ማለት በእኛ ዘንድ ጎረቤትን ይተዉ እንደማለት ስለሚሆን፣ አቦሉን ጠጥተው ቶናውንና በረካውን ቢያሳልፉ፣ ከቀኑ 8 ሰዓት በኋላም ባይጠጡ ይመረጣል። ቡናን በጨው የሚጠጡ ደግሞ ሆድ የሚነፋቸው ከሆነ ጨውን ይቀንሱ።

ለከተማ ሴት በሳምንት አምስት ቀን፣ በቀን 30 ደቂቃ ፈጠን ብሎ መራመድ ይመከራል፤ የባሕር ዳር ነዋሪ ለዚህ የሐይቁ ዳር አለላት። ውኃ ከወንዝ፣ እንጨት ከጫካ ለምትሸከም የገጠር ሴት ግን እንቅስቃሴ ጨምሪ ማለት ፌዝ ይሆናል። ለእርሷ የሚጠቅማት በእነዚያ አምስት ቀናት እንስራውን ሌላ የቤተሰብ አባል እንዲያነሣላት አስቀድሞ መነጋገር ነው።

ነጥቦቹን በጣት ይጫኑ

ከቻይናው ሕክምና ያለ ወጪ ቤት ውስጥ ሊሠራ የሚችለው ይህ ነው። በ2018 እ.ኤ.አ. የወጣው ኮክሬን የተባለው የሕክምና ጥናቶችን የሚመዝን ዓለም አቀፍ ድርጅት ግምገማ፣ በሰውነት ነጥቦች ላይ ቀጭን መርፌ መውጋትም ሆነ ነጥቦቹን በጣት መጫን የአካሉንም የስሜቱንም ምልክት ሊያሻሽል እንደሚችል ጠቁሞ፣ የማስረጃው ጥራት ግን ዝቅተኛ መሆኑን ገልጿል። ስለዚህ ተስፋን በልክ አድርጎ መሞከር አይከፋም።

የወር አበባ አንድ ሳምንት ሲቀረው በየምሽቱ እግርን ለብ ባለ ውኃ ታጥበው ይቀመጡ። የመጀመሪያው ነጥብ ታይቾንግ ይባላል፤ በእግር አውራ ጣትና በቀጣዩ ጣት መካከል፣ ጣቶቹ ከሚለያዩበት ሁለት ጣት ያህል ወደ እግር ጀርባ ከፍ ብሎ ያለው ጎድጓዳ ቦታ ነው፤ ለብስጭትና ለጡት ውጥረት ይመረጣል። ሁለተኛው፣ ሳንዪንጂያዎ፣ ከውስጠኛው ቁርጭምጭሚት ጉብታ አራት ጣት ወደ ላይ፣ ከቅልጥም አጥንቱ ጠርዝ በስተኋላ ይገኛል፤ የጉበት፣ የኩላሊትና የጣፊያ መስመሮች የሚገናኙበት ነው ይባላል። ማቅለሽለሽ ላለባት ከእጅ አንጓ መታጠፊያ ሦስት ጣት ወደ ክርን አልፎ፣ በሁለቱ ጅማቶች መካከል ያለው ኔይጓን ይጨመራል። እያንዳንዱን በአውራ ጣት፣ መደንዘዝ የመሰለ ስሜት እስኪመጣ እንጂ እስኪያም ሳይሆን፣ ለአንድ ደቂቃ ያህል ሦስት ጊዜ በሁለቱም ጎን ይጫኑ። እርግዝና የሚጠራጠሩ ሳንዪንጂያዎን አይንኩ፤ የቻይና ሐኪሞች ራሳቸው ይከለክሉታል።

ዕፅዋቱን በጥንቃቄ ይያዙ

ለዚህ ሕመም ስሙ የገነነው ሺያዎ ያዎ ሳን የሚባለው ድብልቅ ከሶንግ ሥርወ መንግሥት ጀምሮ የሚታወቅ ነው። በውስጡ ያለው ዳንግ ጉዊ የተባለ ሥር ከደም ማቅጠኛው ዋርፋሪን ጋር ሲገናኝ ደም መፍሰስን ሊያባብስ ይችላል፤ ሊኮሪስ የተባለው ጣፋጭ ሥርም ሲበዛ የደም ግፊትን ከፍ ያደርጋል። ይዘቱ ያልተጻፈበት ዱቄት ፈጽሞ አይውሰዱ፤ በ1990ዎቹ መጀመሪያ እ.ኤ.አ. በቤልጅየም ለክብደት መቀነሻ የተሰጠ የቻይና ዕፅ ውስጥ የተቀላቀለ አሪስቶሎኪክ አሲድ የያዘ ተክል የብዙ ሴቶችን ኩላሊት አበላሽቷል። የቻይናው ሕክምና ከሚያሞቁት ወገን የሚቆጥረው ዝንጅብል ግን በየገበያው አለ፤ አንድ ጣት የሚያህለውን ወቅጦ በሻይ መጠጣት ይቻላል። በአንጻሩ ጤና አዳምን በብዛት አፍልቶ መጠጣት እንደ ቀላል ነገር መታየት የለበትም፤ በተለይ ለነፍሰ ጡር አደገኛ ነው።

ወደ ጤና ጣቢያ የሚኬድበት ጊዜ

ከ100 ሴቶች ከ3 እስከ 8 በሚሆኑት ዘንድ ይህ ሕመም ሥራን፣ ትዳርንና ትምህርትን እስከ ማወክ ይከብዳል፤ ለእነዚህ በሐኪም የሚታዘዙ እንደ ፍሉኦክሰቲን ያሉ መድኃኒቶች አሉና ጣትና ዝንጅብል ይዞ መቆየት አይገባም። ደም በየሰዓቱ ንጽሕና መጠበቂያ የሚያስለውጥ ከሆነ፣ ሕመሙ ደሙ ካቆመ በኋላም ካልለቀቀ፣ ራስን የመጉዳት ሐሳብ ከመጣ ደግሞ ያንኑ ቀን መሄድ ያስፈልጋል። ሲሄዱ ሁለት ዑደት የተመዘገበበትን ደብተር ይያዙ፤ የጠጡትን የዕፅ ዓይነትም አይደብቁ፤ ሐኪሙ በመጀመሪያ የሚጠይቅዎት እነዚህን ሁለቱን ነው።