የማስታገሻ ሕክምና ሥልጠና፦ ነርሶች ልበ ሙሉ እንዲሆኑ

በማስታገሻ ሕክምና፣ ማለትም በጽኑ የታመመን ሰው ስቃይ በማቅለል ሥራ፣ ነርሶችን የሚያስጨንቃቸው ሁለት ነገር ነው፦ ሞርፊን (ብርቱ የሕመም ማስታገሻ) መስጠትና ለታካሚው የሚሉትን ማጣት። ሁለቱም በገለጻ ብቻ አይለቁም። ከ2 ቀን ሥልጠና ለገለጻ ሩቡ ይበቃል፤ ቀሪው ልምምድ ይሁን። ከ15 ሰው በላይ አታስገቡ፤ ከበዙ ዳር ይዞ የሚመለከተው ይበዛል።

አስቀድማችሁ መጠይቅ አስሞሉ። «በራስዎ ይተማመናሉ?» ብሎ መጠየቅ ምንም አይነግራችሁም። «ታካሚው ‹ልሞት ነው እንዴ?› ቢልዎት ለመመለስ ምን ያህል ዝግጁ ነዎት?» በሉና ከ1 እስከ 5 ነጥብ ይስጡ። ውጥረትን ለብቻው ጠይቁ።

ሞርፊኑን በስሌት ጀምሩ። በየ4 ሰዓቱ 10 ሚሊግራም በአፍ የሚወስድ ሰው በቀን 60 ይወስዳል። በመሀል ሕመሙ ሲነሳበት የሚጨመርለት የቀኑ አንድ ስድስተኛ፣ 10 ሚሊግራም ነው። ትናንት 3 ጊዜ ተጨምሮለት ከሆነ ድምሩ 90 ነው፤ ለ6 ሲካፈል በየ4 ሰዓቱ 15 ይደርሳል። ነርሶች ይህን አስልተው ለሐኪሙ ያቀርባሉ እንጂ በራሳቸው አይቀይሩም፤ ኩላሊት ሲደክም መድኃኒቱ ሰውነት ውስጥ ስለሚጠራቀም ስሌቱ እንዳለ አይሠራም። የሆድ ማለስለሻ አብሮ መታዘዙንም ይዩ፤ ሞርፊኑ በሚያመጣው የሆድ ድርቀት ተሰቃይቶ መድኃኒቱን የሚተው ታካሚ አለ። መድኃኒቱ በተሰጠ በ1 ሰዓቱ ሕመሙን ከ0 እስከ 10 መልሰው ይጠይቁ፤ ንቃቱንና አተነፋፈሱንም ይመልከቱ።

ለንግግሩ ልምምድ ሦስት ሦስት ሆነው ይቀመጡ፦ ነርስ፣ አስታማሚ፣ ታዛቢ። አስታማሚዋ «እናቴ በሽታዋን እንዳትሰማ» ትላለች። «አይዞሽ፣ ትድናለች» የሚለው ቶሎ ከአፍ ያመልጣል፤ ደግነት ነው፣ ግን ልትናገር የመጣችውን ሳትናገር እንድትቀር ያደርጋታል። ይልቅ «ብትሰማ ምን ትሆናለች ብለሽ ነው የፈራሽው?» ብሎ ዝም ማለት ይሻላል። ታዛቢው ዝምታውን ይቁጠር፤ 5 ሰከንድ መቆየት እጅግ ይከብዳል። በየ7 ደቂቃው ቦታ ይቀያየሩ።

በመጨረሻው ቀን የሚሞላው መጠይቅ በሞቅታ ከፍ ይላል፤ ስለዚህ ያንኑ በ3ኛው ወር ድገሙት። ውጥረቱ ጨምሮ ብታገኙት አትደንግጡ፤ ድሮ ያላስተዋሉትን ስቃይ አሁን ያዩታል። ሞርፊን ከመጋዘን ካለቀ ወይም አንድ ነርስ ዋርዱን ብቻውን ከያዘ ግን ጭንቀቱን ሥልጠና አያነሳውም፤ ያንን ለኃላፊው አመልክቱ። ታካሚ በሞተበት ፈረቃ ደግሞ ከመውጣታቸው በፊት 10 ደቂቃ አብረው ይቀመጡ፤ «ምን ከበደን?» ይባባሉ፤ ማንም ማንንም አይውቀስ።