የእንቅልፍ ሞገድ ሲያስቸግር፦ ከምልክቱ እስከ መፍትሄው

ይህ ደብረ ብርሃንና አካባቢዋ ላይ የጤነኛ ሰው እንቅልፍ በኢኢጂ (የአንጎልን የኤሌክትሪክ ሞገድ በሚመዘግበው መሣሪያ) ለሚቀዱና ለሚያነቡ ጀማሪዎች ነው። ንባቡ ግራ ሲያጋባችሁ አስቀድማችሁ አቀዳዱን ጠርጥሩ። የተኛውን ሰው መጠርጠር ኋላ ይደርሳል።

መስመሩ ወፍሮ ጠቆረ

የመብራት ጣጣ ነው። የእኛ መብራት 50 ሄርዝ ስለሆነ ቻርጀርና ማራዘሚያ ከአልጋው ይራቅ። አንድ መስመር ብቻ ከወፈረ ችግሩ የዚያ መስመር ኤሌክትሮድ (ራስ ላይ የሚለጠፈው ሽቦ) ነው። ሁሉም ከወፈሩ ሁሉም መስመሮች የሚጋሯቸውን ኤሌክትሮዶች፣ ግራውንዱን ወይም ሪፈረንሱን እዩ። ኢምፒዳንሱ (በኤሌክትሮዱና በቆዳው መካከል ኤሌክትሪክ እንዳያልፍ የሚያግደው) ከ5 ኪሎ ኦም በታች መውረድ አለበት።

አልወርድ ካለ ቅቤን ጠርጥሩ። ቅቤ የጠጣ ፀጉር ላይ የኤሌክትሮዱ ማጣበቂያ ፔስት አይዝም፣ ኤሌክትሪክም በደንብ አያልፍም። ይህ የሚነገረው ቀጠሮ ሲሰጥ ነው፦ «እማማ፣ ነገ ቅቤ ሳይቀቡ፣ ራስዎን ታጥበው ይምጡ።» ማታ አልጋው ላይ ከተቀመጡ በኋላ ምን ዋጋ አለው? ሹሩባ ከተሠሩ ደግሞ ኤሌክትሮዱ የሚለጠፈው ሜትሩ የለካው ቦታ ላይ እንጂ ሹሩባው በከፈለው መስመር ላይ አይደለም።

ሌሊቱን ሙሉ ጥልቅ እንቅልፍ

ሰውየው እያወራ እንኳ ትልልቅና ዝግ ያለ ሞገድ ከታየ ላብ ነው። ብርድ ነው እያልን የመንዝ ባና ላይ ብርድ ልብስ ስንደርብ ራሱ ያልበዋል። እውነተኛው የጥልቅ እንቅልፍ ሞገድ ከ0.5 እስከ 2 ሄርዝ ነው፣ ከ75 ማይክሮቮልት ይበልጣል፣ ግንባር አካባቢ ይጎላል። የላብ ሞገድ ከዚያም ይዘገያል፤ መስመሩን ይዞት ወዲያ ወዲህ ይዋልላል። መፍትሄው ባናውን መግፈፍና ቆዳውን ማድረቅ ነው። የታችኛውን ፊልተር (ዝግ ያለውን ሞገድ የሚያጣራውን) ወደ 1 ሄርዝ ከፍ አድርጎ መገላገል ያምራል፤ ግን እውነተኛውንም ሞገድ አብሮ ይቆርጣል። በ0.3 ሄርዝ ይቆይ።

ጥልቅ እንቅልፍ ጭራሽ ጠፋ

እዚህ ላይ ቀስ በሉ። ጥልቅ እንቅልፍ የሚበዛው በሌሊቱ የመጀመሪያ ሲሶ ነው፤ ሬም (ዓይን የሚወረወርበት፣ ሕልም የሚበዛበት እንቅልፍ) ደግሞ ወደ ንጋት ይበዛል። አንዱ መዝገብ ላይ «መብራት የጠፋው 4:00» ብሎ ይጽፋል፣ ሰውየው እንዲተኛ መብራት የተዘጋው ከምሽቱ 4 ሰዓት ነው ማለቱ ነው። ኮምፒውተሩ ግን ያኔ 22:00 ይላል። አንባቢው የኮምፒውተሩን 4:00 ይዞ ከጀመረ ከሌሊቱ 10 ሰዓት ላይ ነው ያለው፤ ስድስት ሰዓት እንቅልፍ አለፈው። ከዚያማ ሬም በዛ፣ ጥልቁ የለም፣ ሰውየው ታሟል ይባላል። ሁልጊዜ የኮምፒውተሩን ሰዓት ጻፉ።

ሰዓቱ ትክክል ከሆነ ዕድሜውን ጠይቁ። በሽማግሌ ላይ ይህ ሞገድ ማነሱ የተለመደ ነው። ማታ ቡናውን እስከ በረካ ጠጥቶ እንደሆነም ጠይቁ። ከሸዋ ሮቢት ቆላ ገና የወጣ ሰው ከሆነም ከፍታው የመጀመሪያ ሌሊቶቹን ሊቆራርጥበት ይችላል። ለነገሩ ማንም ሰው ሽቦ ተለጥፎበት ባዕድ አልጋ ላይ ያደረበት የመጀመሪያ ሌሊት አይታመንም። ሁለተኛ ሌሊት ቅዱ።

ሬም ይሁን ንቃት አልለይ አለ

በአንጎል ሞገድ ብቻ መለየት ይከብዳል፤ ሁለቱም አጫጭርና ፈጣን ናቸው። ዓይንና አገጭ እዩ። በሬም ዓይን ይወረወራል፣ የአገጭ ጡንቻ ጸጥ ይላል። የአገጩ ኤሌክትሮድ ተነቅሎም እንዳይሆን! ከመተኛቱ በፊት «ዓይንህን ጨፍን፣ ግለጥ» በሉትና አልፋው፣ ነቅቶ ዓይን ሲጨፈን የሚመጣው ከ8 እስከ 13 ሄርዝ ያለው ሞገድ፣ ሲመጣና ሲሄድ እዩ። አንዳንድ ጤነኛ ሰው ግን አልፋ የለውም።

ሹል ሞገድ ታየ

በማንቀላፋት ጊዜ አናት ላይ የሚነሣው ሹል ሞገድ የጤነኛ እንቅልፍ ነው። ኬ-ኮምፕሌክስም (ድንገት የሚነሣ ትልቅ ነጠላ ሞገድ)፣ ቢያንስ ግማሽ ሰከንድ የሚቆየው ስፒንድልም (አጭር የፈጣን ሞገዶች ጥቅል) እንደዚያው። ቦታውንና የመጣበትን የእንቅልፍ ደረጃ ሳታዩ፣ የነርቭ ሐኪምም ሳያየው «የሚጥል በሽታ» የሚል ቃል ወረቀቱ ላይ አይስፈር።