ማኅበራዊ ሚዲያ ሲጀምሩ ሊያስወግዷቸው የሚገቡ ስህተቶች

አካውንት መክፈት ቢበዛ ደቂቃዎች ቢወስድ ነው። ስልክ ቁጥር፣ ስም፣ ፓስወርድ፣ አለቀ። ጀማሪውን ዋጋ የሚያስከፍሉት በዚያ ጥድፊያ «እሺ፣ እሺ» እየተባሉ የሚታለፉት ነገሮች ናቸው።

ሁሉንም በአንዴ መክፈት

ፌስቡክ፣ ቴሌግራም፣ ቲክቶክ፣ ኢንስታግራም፣ ሊንክድኢን በአንድ ቀን ይከፈታሉ። ትንሽ ቆይቶ የአብዛኞቹ ፓስወርድ ይረሳል። የሚፈልጓቸው ሰዎች የት ነው ያሉት? ከዚያ ይጀምሩ። ሥራ ለሚፈልግ ሊንክድኢን፣ መረጃ ለሚያሰራጭ የቴሌግራም ቻናል ይሻላል።

ለንግድ የግል ፕሮፋይል መጠቀም

ፌስቡክ ላይ የግል ፕሮፋይል ከ5,000 በላይ ጓደኛ አይቀበልም። ፔጅ (ለንግድ ወይም ለድርጅት የሚከፈት ገጽ) ግን ይህ ገደብ የለበትም። ፖስትዎን ምን ያህል ሰው እንዳየውም ያሳያል፤ ሌላ ሰው ደግሞ ፓስወርድዎን ሳይሰጡት አብሮዎት ሊያስተዳድረው ይችላል። ብዙ ሰው ወደ ፔጅ የሚዞረው ፕሮፋይሉ ከሞላ በኋላ ነው። የፕሮፋይል ስም ላይም አይቸኩሉ፤ አንዴ ከቀየሩት ለ60 ቀን ደግመው መቀየር አይችሉም።

ኮድ አሳልፎ መስጠት

ከሁሉም የከፋው ይሄ ነው። ከሚያውቁት ሰው አካውንት እንዲህ የሚል መልእክት ይመጣል፦ «በስህተት ባንተ ስልክ ኮድ ልኬ ነበር፣ እስቲ ቶሎ ላክልኝ።» ወዲያው ባለ 6 አሃዝ ኮድ በኤስኤምኤስ ይገባል። ነገሩ እንዲህ ነው፦ አንድ ሰው የእርስዎን ቁጥር በራሱ ስልክ ዋትስአፕ ላይ አስገብቷል፤ የቀረው ያ ኮድ ብቻ ነው። ከላኩለት አካውንትዎ እሱ ጋ ይከፈታል። ከዚያ በእርስዎ ስም ወዳጅ ዘመድዎን ገንዘብ ይጠይቃል። መልእክቱ የመጣበት ወዳጅዎም ምናልባት በዚሁ መንገድ ተበልቶ ይሆናል።

ዋትስአፕም ቴሌግራምም ሰቲንግ ውስጥ ባለ ሁለት ደረጃ ማረጋገጫ አላቸው። ዛሬውኑ ያብሩት። ሌባው ኮዱን ቢያገኝ እንኳ እርስዎ ብቻ የሚያውቁትን ፒን ወይም ፓስወርድ ይጠየቃል። ኢሜይልዎንም አብረው ያስመዝግቡ፣ እርስዎም ሊረሱት ይችላሉና። የዋትስአፕ ኮድዎን ልከው ከሆነ ሳይውሉ ሳያድሩ በስልክዎ እንደገና ይመዝገቡ፤ አዲሱን ኮድ ሲያስገቡ ሌባው ይወጣል። እሱ ቀድሞ የራሱን ፒን ካደረገበት ግን እስኪገቡ 7 ቀን መጠበቅ ሊኖርብዎ ይችላል።

ማን እንደሚያይ አለማረጋገጥ

ፌስቡክ ላይ ፖስት ሲያደርጉ ከስምዎ ስር ያለችውን ትንሽ ምልክት ልብ ይበሉ። የሉል ምልክት ከሆነች ማንም ያየዋል። ቴሌግራም ላይም ስልክ ቁጥርዎ ለማን እንደሚታይ ፕራይቬሲ ውስጥ ገብተው ይወስኑ። «በኋላ አጠፋዋለሁ» የሚባለው ብዙም አያዋጣም፤ ስክሪንሾት ለማንሳት ሰከንድ ይበቃል።

ፎሎወር መግዛት

ገንዘብ ማባከን ነው። የተገዛ ፎሎወር አያነብም፣ ኮሜንት አይሰጥም፣ ዕቃም አይገዛም።

ሊንክ ያለቦታው መለጠፍ

ይቺ ቀላል ናት፣ ግን ደንበኛ ታሳጣለች። ኢንስታግራም ላይ ከፎቶ ስር የተጻፈ ሊንክ በተለምዶ ቢነኩት አይከፈትም። ማንም ደግሞ ረጅም አድራሻ በእጁ አይጽፍም። ሊንኩን ባዮ ላይ (ፕሮፋይልዎ ላይ ስለራስዎ አጭር መግለጫ የሚጻፍበት ቦታ) ያስቀምጡና ከፎቶው ስር «ሊንኩ ባዮ ላይ አለ» ይበሉ።