ዌብሳይት ስትቀይሩ ፊዱን አትርሱት

ዌብሳይታችሁን ወደ አዲስ አድራሻ ልታዛውሩ ነው? እንግዲያው የአርኤስኤስ ፊዱን፣ ማለትም አዳዲስ ጽሑፎችን ለተመዝጋቢዎች የሚያደርሰውን ፋይል፣ ቀድማችሁ እዩት። ፊድ አንባቢ መተግበሪያዎች አንድ ጽሑፍ አዲስ መሆኑን የሚያውቁት በአብዛኛው በመለያው ነው፤ በአርኤስኤስ ጂዩአይዲ፣ በሌላው የፊድ ዓይነት በአቶም ደግሞ አይዲ ይባላል። ብዙ ጊዜ መለያው የጽሑፉ ሊንክ ራሱ ነው። ሊንኩ ሲቀየር መለያውም አብሮ ይቀየራል። ያኔ ፊዱ ውስጥ ያለው የቆየ ጽሑፍ ሁሉ እንደ አዲስ ተመዝጋቢው ላይ ይዘንባል። ሰው ይሰለቻል፣ ምዝገባውን ይሰርዛል። ፈልጎ የመጣ አንባቢን እንዲህ ማጣት በጣም ያሳዝናል።

ስለዚህ ሊንኩ ቢቀየርም የቆዩትን ጽሑፎች መለያ አትንኩ። የፊዱን የድሮ አድራሻ በ301 (አድራሻው በቋሚነት ተዛውሯል በሚለው የሰርቨር ምላሽ) ወደ አዲሱ ምሩት፤ ይህንንም ምሪት ቶሎ አታንሱት። ከመልቀቃችሁ በፊት ሁለቱን ፊዶች ጎን ለጎን ከፍታችሁ መለያዎቹን አመሳክሩ።