«ደስ ይላል» ብሎ ላለማቆም፦ ስለ ፊልም፣ ዘፈን፣ መጽሐፍና ፎቶ የተሰማችሁን መጻፍ

መምህር «ስላያችሁት ፊልም የተሰማችሁን ጻፉ» ሲል አብዛኛው ተማሪ ታሪኩን ከአንደኛው ትዕይንት እስከ መጨረሻው ይተርክና «ፊልሙ በጣም አስተማሪ ነው» ብሎ ይዘጋል። የፊልሙን ታሪክ መምህሩም ያውቀዋል። የማያውቀው የት ቦታ ላይ እንደደነገጣችሁ፣ የት ላይ እንደሰለቻችሁ፣ የትኛው ነገር ወደ ቤት ስትሄዱ እንደተከተላችሁ ነው። ሂስ ሥራው በርትቷል ወይስ ደክሟል ብሎ ይፈርዳል፤ የግል ምላሽ ግን ሥራው እናንተ ላይ ያደረገውን ይመዘግባል።

ባለ 50 ሉክ ደብተር ይበቃል። ደብተሩን ግለጡና ሁለቱን ትይዩ ገጾች አብራችሁ ተጠቀሙባቸው። በግራው ገጽ ያያችሁትን ወይም የሰማችሁትን ብቻ በተራ ቁጥር አስፍሩ፤ ሌላ ሰው አይቶ «አዎ፣ አለ» ሊል የሚችለውን ብቻ። በቀኙ ገጽ የተሰማችሁን ጻፉ፤ ከእያንዳንዱ ስሜት ፊት ለፊት ያመጣውን የግራ ቁጥር አስቀምጡ። ቁጥር ያጣ ስሜት ካገኛችሁ ችግሩ እዚያ ነው፤ «ልብ ይነካል»፣ «ይመቻል»፣ «አስተማሪ ነው» የሚደበቁት ቁጥር በሌለው መስመር ውስጥ ነው። ሌላም መፈተኛ አለ፦ የሥራውን ርዕስ በእጃችሁ ሸፍናችሁ ዓረፍተ ነገሩን አንብቡት። ለማንኛውም ፊልም የሚሆን ከሆነ ሰርዙት።

ሥራው እንዳለቀ 10 ደቂቃ ሳታቋርጡ ጻፉ። ከጓደኛ ጋር ከማውራታችሁ፣ ዩቲዩብ ላይ የሰውን አስተያየት ከማንበባችሁ በፊት ይሁን። የሌላ ሰው ቃል አንዴ ከገባ የራሳችሁን ከሥሩ ፈልቅቆ ማውጣት ከባድ ነው። ውጭ አገር ያደገ ተማሪ ደግሞ ቃሉ መጀመሪያ በመጣለት ቋንቋ ይጻፈው፤ አማርኛውን በኋላ ቢፈልግ ይሻላል።

ለመጀመር ከሁሉም የሚመቸው ፎቶ ነው፤ አይሮጥም፣ ይጠብቃል። ስልካችሁ ላይ የ2 ደቂቃ ሰዓት ሙሉና ፎቶውን ምንም ሳትጽፉ እዩት። ከዚያ ከፊት አትጀምሩ፤ ፊት ሁሉንም ትኩረት ይወስዳል። ከእጅ፣ ከእግር፣ ከፎቶው አራት ጠርዝ ጀምሩ። ብርሃኑ ከየት እንደመጣ ለማወቅ የአፍንጫን ጥላ ተመልከቱ። አንድ የቆየ የስቱዲዮ ፎቶ በዚህ መንገድ ሲመዘገብ ግራው ገጽ እንዲህ ይሆናል፦

«1. ሕፃኑ ወንበር ላይ ተቀምጧል፤ እግሩ መሬት አይደርስም። 2. የጫማው ሶል ነጭ ነው፣ ጭረት የለውም። 3. እናትየው ቆማለች፤ ቀኝ እጇ ትከሻው ላይ ነው፤ ከጣቶቿ ሥር ሸሚዙ ተጨማዷል። 4. ከኋላ ያለው መጋረጃ ላይ ፏፏቴ ተስሏል።»

ቀኙ ደግሞ፦

«3፦ መጀመሪያ ያቀፈችው መስሎኝ ነበር። የሸሚዙን ጭምድድ ሳይ ግን እንዳይንቀሳቀስ ይዛዋለች አልኩ። ከዚያ ወዲህ ፎቶው ጭንቅ ጭንቅ ይለኛል። 2፦ ጫማው የተገዛው ለዚያ ቀን ይመስለኛል። የእኔም የበዓል ጫማ እንዲህ ነበር፤ ቤት ውስጥ አንድ ቀን ተጫምቼው ነበር ያደርኩት።»

«የእናት ፍቅር የሚታይበት ፎቶ ነው» ከሚለው ይህ የሚበልጠው በሸሚዙ ጭምድድ ነው። ሐሳቡ የተለወጠበት ቦታ ይታያል፤ አንባቢም ተመልሶ ያጣራዋል።

ፎቶውን ገልብጡት። የስቱዲዮ ማኅተም ወይም በእስክሪብቶ የተጻፈ ቀን ሊኖር ይችላል። ቀኑን ወደ አውሮፓ አቆጣጠር ስትቀይሩ ተጠንቀቁ፦ ከመስከረም እስከ ታኅሣሥ 22 ገደማ 7 ዓመት፣ ከዚያ ወዲህ 8 ዓመት ይደመራል። «ጥቅምት 1967» የሚል ፎቶ በአውሮፓውያን 1974 የተነሳ ነው፤ ንጉሠ ነገሥቱ መስከረም 2 ቀን ከወረዱ ሳምንታት በኋላ። በስህተት 8 ከደመራችሁ አንድ ዓመት ዘለላችሁ፣ የሰዎቹን ፊትም በሌላ ዘመን አነበባችሁት።

ዘፈን ሦስት ጊዜ ይሰማል። መጀመሪያ ዓይን ጨፍኖ፣ ሌላ ምንም ሳይሠሩ። ሁለተኛ እርሳስ ይዞ፣ የሆነ ነገር በተሰማችሁ ቁጥር ደቂቃውንና ሴኮንዱን እየጻፉ። ሦስተኛ አንድ መሣሪያ ብቻ ተከትሎ፤ ለምሳሌ ማሲንቆውን ብቻ። በምን እንደሰማችሁም ጻፉ። የስልክ ድምፅ ማጉያ ዝቅተኛውን ድምፅ ስለሚውጠው ቤዝ ጊታርና ከበሮ ይሳሳሉ፤ «ዘፈኑ ባዶ ባዶ ይላል» ያለ ተማሪ በጆሮ ማዳመጫ ቢሰማው ሐሳቡን ሊቀይር ይችላል።

ቅኝት ማወቅ ይረዳል እንጂ ግዴታ አይደለም። ትዝታ፣ ባቲ፣ አምባሰልና አንቺ ሆዬ ብለን የምንጠራቸው አራቱ ዋና ቅኝቶች እያንዳንዳቸው አምስት ድምፅ አላቸው። ትዝታ ግን የቅኝትም፣ የዘፈንም፣ የስሜትም ስም ስለሆነ «ትዝታ ነው» ብቻ ብትሉ የትኛውን እንዳላችሁ አይታወቅም። ቅኝቱን መለየት ካቃታችሁ የሰማችሁትን እንዳለ ጻፉት፦ «ድምፁ ወርዶ ሊያርፍ ሲል መልሶ ይነሳል» የሚለው ከተሳሳተ የቅኝት ስም ይሻላል። ግጥሙ ሰምና ወርቅ ካለው ሰሙን መቼ፣ ወርቁን መቼ እንደሰማችሁ ለዩ። ወርቁን ሰው ነግሯችሁ ከሆነ እሱንም ጻፉ፤ የነገሯችሁ ወርቅ የሚሰጠው ስሜት ራሳችሁ ካገኛችሁት ይለያል።

ዘፈን ላይ በብዛት የሚሳሳቱት የዘፈኑንና የትዝታቸውን ድርሻ በመቀላቀል ነው። ሠርግ ላይ የሰማችሁት ዘፈን ሠርጉን ያመጣባችኋል። አትጣሉት፣ ግን በቀኙ ገጽ ላይ «ይህ የሠርጉ ነው» ብላችሁ ምልክት አድርጉበት።

መጽሐፍ ሲሆን ያለ ገጽ ቁጥር ምንም መስመር አይጻፍ። የቤተ መጻሕፍት ከሆነ ቁራጭ ወረቀት ጣል አድርጉበት፤ እርሳስ አይነካውም። በየምዕራፉ ማብቂያ ሦስት መስመር በቂ ነው። ያቆማችሁበትንም ገጽ ጻፉ፤ መሰልቸት ምላሽ ነው። አንድ ነገር ግን አትርሱ፦ «ፍቅር እስከ መቃብር»ን ብዙ ሰው የሚያውቀው ወጋየሁ ንጋቱ በሬዲዮ ሲተርከው ሰምቶ ነው። እናንተም እንደዚያ ከሆነ ያስለቀሳችሁ የሐዲስ ዓለማየሁ ቃል ነው ወይስ የተራኪው ድምፅ? ያንኑ ገጽ በዝምታ አንብባችሁ ልዩነቱን መዝግቡ። በአማርኛ ድምፅ የተሠራ የውጭ ድራማ ላይም ያው ነው፤ ፊቱ የአንዱ፣ ድምፁ የሌላው ነው።

ፊልም አንዴ ሳታቆሙ እዩ፣ 10 ደቂቃችሁን ጻፉ፣ ከዚያ የያዛችሁን ሦስት ደቂቃ ብቻ መልሳችሁ ድምፁን አጥፍታችሁ እዩት፤ ቀጥሎ ምስሉን ሸፍናችሁ ስሙት። ያለ ሙዚቃው እንባው ካልመጣ ግራው ገጽ ላይ የሚጻፈው ሙዚቃው ነው።

ማስታወሻውን ወደ 300 ቃል ጽሑፍ ለማሳደግ ከቀኙ ገጽ አንድ መስመር ብቻ ምረጡ፤ ያስገረማችሁን። ከግራው ዝርዝር ጀምሩ፣ መጀመሪያ የመሰላችሁን ጻፉ፣ የቀየራችሁን ነገር አሳዩ። የራሳችሁ ሕይወት ከጽሑፉ ሲሶ ካለፈ ሥራው ተረስቷል ማለት ነው። «እንደሚታወቀው» ብሎ የሚጀምር ዓረፍተ ነገር ካለ አውጡት። ሁለት ቀን አስቀምጡና ጮክ ብላችሁ አንብቡት። ሐሳባችሁ ከተቀየረ የድሮውን አትሰርዙ፤ በሌላ ቀለም እስክሪብቶ ቀኑን ጽፋችሁ ከሥሩ ጨምሩ።